የወልደ ሩፋኤል ጉሮሮ

በየኔታ ኃይለ ሚካኤል ጉባኤ ቤት «ይህን ሰው አላውቀውም» የሚል ተማሪ የሚያምነው አልነበረም። አብዛኞቹ ተማሪዎች ከቤታቸው ጠፍተው የመጡ ናቸው። የጠፋ ልጅ ደግሞ አባቱ መጥቶ ወደ እርሻው እንዳይመልሰው የቤት ስሙን ይተዋል፤ አገሩን ይደብቃል፤ በክርስትና ስሙ ብቻ ይጠራል። ስለዚህ ከአርባ አንዱ ተማሪ ሰባቱ ገብረ ማርያም፣ አምስቱ ወልደ ሚካኤል ነበሩ፤ የማን ልጆች እንደሆኑ የሚያውቅ ግን የለም። የኔታም አይጠይቁም። ጠፍቶ የመጣን ልጅ አገርህ የት ነው ማለት ውሸት ማናገር ነው፤ ውሸት ያናገረ ደግሞ ከዋሸው እኩል ይጠየቃል ይላሉ።

ዘመድ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። የኔታ እንደሚያስታውሱት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ልጅ ፍለጋ የመጣ ዘመድ አሥራ ዘጠኝ ነው። አሥራ ዘጠኙም ልጆች አላውቀውም ብለዋል፤ አሥራ ዘጠኙም ዘመዶች እውነተኛ ሆነው ተገኝተዋል። አንዱ ተማሪማ ከአባቱ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ያንኑ ሸውራራ ዓይንና ያንኑ ሰፊ ጆሮ ተሸክሞ፣ «እኚህን ሰውዬ ዛሬ ገና ማየቴ ነው» ብሎ በማርያም ማለ። አባትየው «አማማሉ ደግሞ የእናቱ ነው» ብለው በጆሮው ይዘው ወሰዱት።

በ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት፣ በታኅሣሥ ወር በአንድ ረቡዕ፣ ሃያኛው ዘመድ መጣ።

አቶ ሙላት እባላለሁ አለ። ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ በቅሎው የሰባ ሰው ነው። ከጉንደ ወይን እንደመጣ፣ የሟች ወንድሙን ልጅ ሲፈልግ ወራት እንዳለፉበት ለየኔታ አጫወታቸው። ከዚያ በተማሪዎቹ መካከል አለፍ አለፍ እያለ ሄዶ ወልደ ሩፋኤል የሚባለው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ አቅፎ አለቀሰ፤ አዲስ ጋቢ አውጥቶ ከደበሎው በላይ አለበሰው።

ወልደ ሩፋኤል «አላውቀውም» አለ።

ተማሪዎቹ ሁሉ ሳቁ። የኔታም ፈገግ ብለው «ሃያኛው» አሉ። አቶ ሙላት ማኅተም ያለበት የጣሊያን ወረቀት አሳያቸው። የኔታ ወረቀቱን በቀናው በኩልም በተዘቀዘቀው በኩልም ከተመለከቱት በኋላ ጽሕፈቱ ጥሩ ነው ብለው መለሱለት። ልጁ ምሳውን በልቶ እንዲሄድ ተወሰነ።

ወይዘሮ ሥራነሽ የመጣችው ይህ ካለቀ በኋላ ነው። ሥራነሽ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ ጊዜ በሐኪም ቤቱ ፋሻ አጣቢ ሆና ተቀጥራ፣ በሁለት ዓመቱ ቁስል አጣቢ ሆና የወጣች ሴት ናት። ወደ መንደሯ ስትመለስ ማንኪያ፣ የእጅ መስታወት፣ አንድ ጣሳ የዲን ቅባትና ነገርን አስተውሎ የማየት ልማድ ይዛ መጣች። ተማሪዎቹን ላክማቸው ስትል የኔታ መጀመሪያ ሴት ደቀ መዛሙርቴን አትነካም ብለው ከለከሉ። እከኩ ወደ ራሳቸው ተሻግሮ ዜማ ሲያስተምሩ በመቋሚያቸው ጀርባቸውን ማከክ ሲጀምሩ ግን በየረቡዑ እንድትመጣ ፈቀዱ።

ከወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፤ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ይቀርባሉ። መጀመሪያ የጣቶቻቸውን መሀል ታያለች፤ ቀጥሎ ራሳቸውን፣ ቀጥሎ ዓይናቸውን፣ በመጨረሻ አፋቸውን። አፍ የምታየው ከወንዙ ጎንበስ ብለው የሚጠጡ በመሆናቸው ጉሮሯቸው ውስጥ አልቅት ስለማይጠፋ ነው። ምላሱን በማንኪያው ትጫናለች፤ በመስታወቱ የፀሐይ ብርሃን ወደ ጉሮሮው ታስገባለች። ስም ስለማይጠቅማት ልጆቹን የምታውቃቸው በገላቸው ነው፤ ባቱን ውሻ የነከሰው ገብረ ማርያም፣ ቆረቆር ያለበት ገብረ ማርያም፣ ሁለት ጊዜ አልቅት የወጣለት ገብረ ማርያም እያለች።

ያን ቀን ወልደ ሩፋኤል አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ አንድ የማታውቀው ሰው አጠገቡ ቆሞ አየች። ነገሩን አጫወቷት። እሷም እከኩን ይዞ ወደ አገሩ እንዳይሄድ አንድ ጊዜ ልየው አለች፤ ሰውየው ደስ እንዳለው ተናግሮ ፈቀደ። የልጁን ጣቶች ስታገላብጥ ሁለት ነገር አስተዋለች። እዚህ ከመጣች ወዲህ አራት ልጆች በዘመድ ሲወሰዱ አይታለች፤ አራቱም ሲያዙ የእግራቸውን ጣት ነበር የሚያዩት። ይህ ልጅ ግን የሰውን ፊት ነው የሚያየው፤ አንዱን አይቶ ሲጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሁለተኛውን ነገር ለማረጋገጥ ተነሥታ ከተማሪዎቹ አንዱን ሰውየው ልጁን ሲያገኘው መጀመሪያ ምን እንዳለው ጠየቀች። ከዚያ ወደ የኔታ ሄደች።

«የኔታ፣ ይህ ሰው አልተቆጣም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ልጁን አልተቆጣውም። የጠፋ ልጅ ፍለጋ ወራት የተንከራተተ አጎት አርጩሜ እንጂ ጋቢ ይዞ አይመጣም። ያለፉት አራቱ ሰላምታ ሳይሰጡ ነው በጥፊ የጀመሩት።»

የኔታ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «እንግዲህ ደግ ሰው ነው ብለን ልንከሰው ነው?» አሉ።

ሥራነሽ በኅዳር ወር እግሩን ስላጠበችለት ሰውዬ ነገረቻቸው። የሰውየው ልጅ ወደ አማኑኤል በኩል ባለ አንድ ጉባኤ ቤት ይማር ነበር። አባት ፈልጎ ሲደርስ ልጁን ከሃያ ቀን በፊት አጎቱ ወስዶታል አሉት፤ ያ ልጅ ግን አጎት የለውም። ሲወሰድ አላውቀውም እያለ ይጮህ ነበር፤ ጓደኞቹ ስቀዋል። ልጅ ወደ ዓባይ ማዶ እያሻገሩ የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ ያን ጊዜ ነው የተሰማው። አባት እግሩ ውኃ ቋጥሮ እስኪፈነዳ በየገበያው ሲዞር ከርሞ በዚህ አለፈ።

የኔታ ፊታቸው ተለወጠ። ነገር ግን ያለ ምስክር ሰውን ሌባ ማለት አልፈለጉም፤ ጭቃ ሹሙ አያ ፈንታ እንዲጠሩ ላኩ።

አያ ፈንታ በዚያ ዘመን ቀን ለጣሊያን፣ ማታ ለአርበኛ የሚሾሙ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ለሁለቱም አልነበሩም፤ ተዝካር ተጠርተው ነጭ ለብሰው እየሄዱ ነበር። መንገዳቸውን ስላቋረጧቸው ዳኝነቱን ባጭሩ ሊጨርሱት ፈለጉ።

«ሰውየውን ታውቀዋለህ?» አሉት ልጁን።

«አላውቀውም።»

«በቃ፣ ያውቀዋል» አሉና ጉዞ ጀመሩ።

ሥራነሽ እጃቸውን ሊስሙ የሚመጡ ሰዎች እንደሚያደርጉት ከፊታቸው ጎንበስ ብላ መንገዱን ዘጋች። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀው አለች። ፈቀዱላት፤ ባይፈቅዱ ኖሮ ማለፊያ አልነበራቸውም።

አቶ ሙላት ሳይጠየቅ የልጁን ምልክቶች ይዘረዝር ጀመር። በግራ ክንዱ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ፤ ሲታይ አለ። ከጆሮው ሥር ጥቁር ነጥብ አለ፤ አለ። ቁርጭምጭሚቱን ውሻ ነክሶታል፤ ነክሶታል። ተማሪዎቹ በአድናቆት ተያዩ። ሥራነሽ ግን የጠራቸው ምልክቶች ሁሉ ከደበሎው ውጪ የሚታዩ መሆናቸውን አስተዋለች፤ ልጁ ለልመና ደጁ የቆመበት ሰው ሁሉ ሊያያቸው ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት እንድመርጥለት በልጅነቱ ምን ታሞ እንደነበር ንገሩኝ ብላ ለዘብ ባለ ድምፅ ጠየቀችው።

ሰውየው መናገር ይወድ ነበር። ኩፍኝ ወጥቶበት ሰባት ሌሊት አቅፎት እንዳደረ ተናገረ። ጥርስ ካወጣ በኋላ እንጥሉ ሲቆረጥ እናቱ ማየት ስላልቻለች በጉልበቱ መሀል ይዞ ያስቆረጠው እሱ ራሱ እንደሆነ ተናገረ። በዚያ ሰዓት ልጁ ነክሶት ምልክቱ እስከ ዛሬ አለ፤ ይኸው ብሎ የቀኝ እጁን ጣት ዘረጋ። ጠባሳ ነበረው። የኔታ ዓይናቸውን ጠረጉ። አያ ፈንታም እኔንም ልጄ እንዲሁ ነክሶኛል ብለው ጣታቸውን አውጥተው ከሰውየው ጣት ጋር አስተያዩ።

ሥራነሽ ማንኪያዋን አነሣች። «ወልደ ሩፋኤል፣ አፍህን ክፈት። አያ ፈንታ፣ ይምጡ ይመልከቱ።»

አያ ፈንታ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ወዲያው ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ተሳቡ። «አልቅት አለበት» አሉ። «ተንጠልጥሏል። ይንቀሳቀሳል።»

«አልቅት አይደለም፤ እንጥል ነው።»

«እንጥል እንዲህ ነው እንዴ?»

ጥያቄያቸው አያስገርምም። በዚያ አገር እንጥሉ ያልተቆረጠ ልጅ ስለማይገኝ፣ አያ ፈንታ በሃምሳ ሁለት ዓመት ዕድሜያቸው እንጥል አይተው አያውቁም። የኔታም አይተው አያውቁም፤ ጎንበስ ብለው ከተመለከቱ በኋላ ልጁ በዚህ ሁሉ ጊዜ ዜማውን በዚያ ነገር ሥር እያሳለፈ መማሩን አደነቁ። ሥራነሽ ይህ ከሰው ሁሉ ጋር የሚፈጠር እንደሆነ፣ ሌሎቻችን የሌለን ስለተቆረጠብን እንደሆነ አስረዳች። ለማረጋገጥ አያ ፈንታ አፋቸውን ከፈቱ፤ የኔታ አዩላቸው። የኔታም ከፈቱ፤ አያ ፈንታ አዩላቸው። የለም። አርባውም ተማሪ ተራ በተራ እየከፈተ ታየ፤ የአንዱም የለም።

አያ ፈንታ ይህን ሁሉ ከመዘኑ በኋላ «እንግዲያ የታመመው እሱ ነው» ብለው ፈረዱ።

አቶ ሙላት ጉሮሮውን ጠራርጎ ነገሩ ቀላል ነው አለ። ተቆርጧል፤ ግን በቅሏል። ሕፃን ነበረ፤ የሕፃን ነገር ይበቅላል። አያ ፈንታ እውነት ነው፣ ጥርስም ይበቅላል አሉ። የኔታ ስለ እንጥል በመጻሕፍት የተጻፈ እንዳላገኙ፣ ስለዚህ ይበቅላልም አይበቅልምም ለማለት እንደሚቸገሩ ተናገሩ። ሥራነሽ አይበቅልም አለች። ሰውየው በትሕትና እርስዎ ቆርጠው ያውቃሉ ወይ አላት። አታውቅም።

በዚያ አገር ይህን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እማማ ማሬ ናቸው። እማማ ማሬ ሠላሳ ዓመት እንጥል የቆረጡ ሴት ናቸው። ሥራነሽ ከደብረ ማርቆስ ከተመለሰች ጀምሮ ግን በየቤቱ እየዞረች ልጆቻችሁን አታስቆርጡ፣ ደም ይፈሳቸዋል፣ ይመረቅዛሉ እያለች ታስተምራለች። የሰሟት እናቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ለእማማ ማሬ ግን ሁለቱም በዙባቸው። ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆመው፣ ጣሊያን አገሬን ቀማኝ፣ ሥራነሽ ደግሞ እንጀራዬን ብለው ለሕዝብ አስታውቀዋል። እሷ በቆመችበት እንደማይቆሙም ተናግረዋል።

ሥራነሽ እስክትመለስ ልጁ እንዳይሄድ የኔታን አስማለቻቸውና ወደ እማማ ማሬ ቤት ሮጠች። እማማ ማሬ ደጃቸው ላይ ገብስ ያበጥራሉ።

«እማማ ማሬ፣ ለምስክርነት ፈልጌዎት መጥቻለሁ።»

«ማንን ገደልሽ አሉኝ ደግሞ?»

«ማንንም አልገደሉም። የተቆረጠ እንጥል መልሶ ይበቅላል የሚል ሰው መጥቷል።»

እማማ ማሬ ሰፌዱን አስቀመጡ። «የት ነው ያለው?» አሉ።

በመንገድ ላይ አልተነጋገሩም፤ እማማ ማሬ ቀድመው ስለሄዱ ሥራነሽ መድረስ አልቻለችም። እንደደረሱ ማንንም ሰላም ሳይሉ ልጁን ወደ ፀሐይ አዙረው አፉን አስከፈቱት። ማንኪያና መስታወት አላስፈለጋቸውም። በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ልጁ ትፍ ሊል ቃጣው።

«ብረትም ጭራም አልነካውም» አሉ። «እንዳለ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለውን ሳወጣ ኖሬ አላውቀውም ልበል? የእኔም ሆነ የሌላ ሰው የቆረጠው አይበቅልም። የበቀለበት ካለ ይምጣና አፉን ይክፈት።»

ማንም አልመጣም። እማማ ማሬ ወደ አቶ ሙላት ዞሩ።

«በምን ቆረጣችሁት?»

«በምላጭ።»

«ጉሮሮ ውስጥ? ምላጭ?»

«በመቀስ ማለቴ ነው።»

«ልጅ ነው ወይስ በግ የሸለታችሁት? በፈረስ ጭራ ታንቆ ነው የሚወጣው። በል አፍህን ክፈት።»

በዚያን ቀን አፉን ያልከፈተ ሰው ስላልነበረ አቶ ሙላትም ሳያስበው ከፈተ። እማማ ማሬ እስከ መጨረሻው ተመለከቱት።

«የአንተን የቆረጠው ሰው ሥራ ያውቃል» አሉ። «ይኸው አርባ ዓመቱ። ለምን አልበቀለም?»

አያ ፈንታ ጎንበስ ብለው አብረው አዩ። «አዎ» አሉ፤ «ለምን አልበቀለም?»

አቶ ሙላት አፉን ዘጋና በቅሎውን ውኃ ላጠጣ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ወንዙ ግን በሌላ በኩል ነበር። የቆሎ ተማሪ ከምንም በላይ የሚያውቀው ነገር ክፉ ውሻ መያዝ ነው፤ አንዱ ከፊት ሆኖ ያባብላል፤ ሌሎቹ በትራቸውን ዝቅ አድርገው ከጎንና ከኋላ ይከባሉ፤ ማንም አይሮጥም። አቶ ሙላት የበቅሎውን ልጓም ሲይዝ ባቱን ውሻ የነከሰው ገብረ ማርያም ከፊቱ ቆሞ በለሰለሰ ድምፅ ወዴት ነው ጌታዬ ይለው ነበር፤ ሠላሳ ዘጠኝ በትር ደግሞ ከኋላው ነበር።

አያ ፈንታ ተዝካሩ አመለጣቸው። ሰውየውን ወደ ደብረ ማርቆስ ልከው ጣሊያን ጥያቄ እንዲያበዛባቸው አልፈለጉም፤ ለአርበኞቹ ቢሰጡት ደግሞ ማኅተም ያለበት ወረቀቱ ብቻ ያስገድለዋል፤ ሰውየው ከሞተ ያ የአማኑኤሉ ልጅ የት እንዳለ የሚናገር አይኖርም። ስለዚህ ጎተራቸው ውስጥ ቆልፈው ወደ አባትየው ላኩ። አባትየው በሦስተኛው ቀን ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ደረሰ። በጎተራው ውስጥ ምን እንደተባባሉ አልተሰማም። አቶ ሙላት ግን ከዓባይ ማዶ ያለ ቤት ጠቆመ፤ ልጁም ለጥምቀት በአባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ታየ። ሙላትንም ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ገበያ ያየው የለም።

በዚያው ረቡዕ፣ ሰውየው ከተቆለፈበት በኋላ፣ እማማ ማሬ አልሄዱም። ከመቀነታቸው ጫፍ የተጠቀለለ የፈረስ ጭራ ፈትተው እንግዲህ ከተገኘ አይቀር አሉና ልጁን ጠሩት። ወልደ ሩፋኤል አፉን ገጠመ። እስከ ማታም አልከፈተውም፤ ራት እንኳ አልበላም። ሥራነሽ በሁለቱ መካከል ቆመች።

«ዛሬ ይህን ልጅ ያዳነው ማነው?» አሉ እማማ ማሬ።

ሥራነሽ ወደ የኔታና ወደ አያ ፈንታ አየች። «እርስዎ ነዎት» አለች፤ ሁሉም እንዲሰማው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

እማማ ማሬ ጭራውን መልሰው ቋጠሩ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው መቁረጣቸውን አልተዉም፤ ሥራነሽም መከልከሏን አልተወችም፤ በመንገድ ሲገናኙ ግን ሰላም ይባባላሉ።

የኔታ በማግሥቱ ተማሪዎቹን ሰብስበው አዲስ ሥርዓት አወጁ። እያንዳንዱ የቤት ስሙን፣ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ አገሩንና ከደበሎው ውጪ የማይታይ አንድ ምልክት ለሥራነሽ ብቻ በጆሮዋ ይናገራል። ለእኔ አትንገሩኝ፤ እኔ ካወቅሁ አባቶቻችሁ ሲመጡ ዝም ማለት አልችልም አሉ። ተማሪዎቹ ተንሾካሾኩ፤ ከገብረ ማርያሞቹ ታላቁ ወጥቶ ድርድር አቀረበ። ሥራነሽ የመጣው ሰው ሐሰተኛ ከሆነ ትናገራለች፤ እውነተኛ ከሆነ ግን ቀድማ ለልጁ ትነግረዋለች፤ ልጁም ለመደበቂያ ያህል ጊዜ ያገኛል። ሥራነሽ መደበቂያውን አልፈቀደችም፤ ቀድሞ መንገሩን ግን ተቀበለች።

ሹክሹክታው ሁለት ረቡዕ ፈጀ። ሥራነሽ ሁሉንም በጽሑፍ ሳይሆን በቃሏ ያዘችው። በሚለምኑበት መንደር ተጣልተው ሁለት ዓመት ያልተነጋገሩ ሁለት ተማሪዎች የአጎትና የአክስት ልጆች ሆነው አገኘቻቸው፤ ምስጢር ስለሆነ መናገር አልቻለችም፤ ሲደባደቡ ባየች ቁጥር ከንፈሯን ትነክሳለች።

ወልደ ሩፋኤል ሲቀርብ እንዳላማው እንደሚባል፣ እናቱ ጥሩብርሃን እንደምትባል ነገራት። ታላቅ ወንድሙ እንጥሉ ተቆርጦ ደም ሳይቆምለት ሞቷል። እሱ ሲወለድ ቆራጯ ስትመጣ እናቱ በሩን ዘግታ አቅፋው ዋለች፤ ጎረቤት ሁሉ ሰደባት። ይህን ብሎ ሊነሣ ካለ በኋላ መልሶ ተቀመጠ።

«እናቴ ብትመጣ አላውቃትም እላለሁ» አላት። «አንቺ ግን እሷን እመኚያት።»

በሁለተኛው ረቡዕ ማታ ተማሪው ሁሉ ሲያልቅ የኔታ መጥተው ልጆቹ በሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሥራነሽ ጉሮሯቸውን ያመማቸው መስሏት ማንኪያዋን አነሣች። የኔታ በእጃቸው መለሱላትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው የቤት ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስምና አገራቸውን ነገሯት። ሥራነሽ ሳታስበው ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ወዳለው ገመገም አየች፤ ከገመገሙ ላይ የአንድ መንደር ጢስ ይታያል፤ በእግር አንድ ሰዓት አይሞላም። የኔታ ወደዚያ አላዩም።

«አርባ ሦስት ዓመት ሆነ» አሉ። «እስካሁን ሊፈልጉኝ አልመጡም።»